ስለ እርጅናና ስለ እምነት ብርታት

እርጅና እንደ ሌባ በአንድ ሌሊት ቤት ሰብሮ አይገባም፤ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ደጃፉን ይመታል እንጂ። ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው በጥቂት ነገር ነው። ትናንት በአንድ እርምጃ ይሻገረው የነበረውን ቦይ ዛሬ ዞሮ ያልፈዋል፤ ዳዊቱን ሲደግም ፊደሉ ስለሚደበዝዝበት መጽሐፉን ከዓይኑ አርቆ ይይዛል፤ በሸንጎ ሲቀመጥ የተናጋሪውን ድምፅ በጆሮው መከተል ቢያቅተው የከንፈሩን እንቅስቃሴ በዓይኑ ይከተላል። ይህንንም ለማንም አይናገርም። ቤተ ሰዎቹ ግን ሁሉን ያያሉ፤ ዝም የሚሉት ስለ አክብሮት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን ይመጣል። የመጀመሪያው ዝናም ዘንቦ ምድር በራሰች ጊዜ ሽማግሌው በሬዎቹን ሊጠምድ በማለዳ ይነሣል፤ ልጁም ቀድሞት ሞፈሩንና ቀንበሩን ተሸክሞ በደጅ ይጠብቀዋል። «አባባ፥ እርስዎ ይቀመጡ፤ ብርድ ይመታዎታል» ይለዋል። ነገሩ የፍቅር ነገር ነው፤ ልጁም አልበደለም። ነገር ግን ሽማግሌው በግድግዳው ጥግ ፀሐይ ሊሞቅ ተቀምጦ፥ አርባ ዓመት ያረሰውን መሬት ሌላ እጅ ሲገለብጠው እያየ፥ በልቡ «እንግዲህ እኔ ለምን እኖራለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የእርጅና ጭንቅ ከጉልበት ሕመም ይልቅ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ጉልበት ቢያም በቅቤ ይታሻል፤ ይህ ጥያቄ ግን የሚታሽበት ቅቤ የለውም።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንደኛው መልስ ክብር ነው። በኢትዮጵያ ሽበት ይከበራል፤ ሽማግሌ ሲገባ ይነሡለታል፥ በማዕድ አስቀድመው እጁን ያስታጥቡታል፥ የተጣሉትን ያስታርቃል፥ የሚጋቡትን ይመርቃል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ሆኖም ክብር ከሰው የሚመጣ ነገር ነውና ሰው ሲነሣው ይነሣል። ልጆቹ የሞቱበት ሽማግሌ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጅዋን ዘርግታ የምትቀመጥ ባልቴት፥ ሽበታቸው ከሌሎቹ ሽበት አይለይም፤ የሚነሣላቸው ግን የለም። የእምነት ብርታት በመደብ ላይ ለተቀመጠው ብቻ ሆኖ በደጅ ለወደቀው የማይደርስ ከሆነ፥ ከባለጠግነት የሚለይበት ነገር የለውም።

ሁለተኛው መልስ «የሚያምን ሰው አያረጅም፤ ኃይሉ ይታደሳል» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የካሌብን ታሪክ ያነሣሉ። ካሌብ በ85 ዓመቱ፥ በ40 ዓመቱ እንደ ነበረ ብርቱ መሆኑን ለኢያሱ ነግሮ፥ ረጃጅም ሰዎች የሚኖሩበትን ተራራማ አገር ለመውረስ ለመነ። እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ይህን የጻፈው ስለ ካሌብ ነው። ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ ፈዝዞ አንዱን ልጁን ከሌላው ለመለየት ተሳነው፤ የያዕቆብም ዓይን እንዲሁ ከበደ፤ ያ ጎልያድን የጣለው ዳዊት በእርጅናው ልብስ ቢደራርቡለት አልሞቀውም። እነዚህ እምነት የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም። የካሌብን ጉልበት የእምነት መለኪያ የሚያደርግ ሰው ለደከመው ሽማግሌ በሕመሙ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል፤ ይህም ከባድ ነገር ነው።

እርጅናን በግልጥ የተናገረ አንድ ሰው በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ይገኛል፤ ስሙም ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነው። ስለ እርሱ ብዙ አይሰበክም። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት ሸሽቶ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ወደ መሃናይም በደረሰ ጊዜ፥ ሕዝቡም በምድረ በዳ ተርቦና ደክሞ ሳለ፥ ቤርዜሊ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ መኝታና ሸክላ፥ ስንዴና ገብስ፥ ባቄላና ምስር፥ ማርና ቅቤ አመጣላቸው። የተሰደደ ንጉሥን መርዳት ሞትን ወደ ቤት መጥራት ነው። ቤርዜሊም ባለጠጋ ነበረ፤ አቤሴሎም ቢያሸንፍ ኖሮ ብዙ የሚያጣው እርሱ ነበር። ወጣቶች «ማን ያሸንፍ ይሆን?» ብለው በሚጠባበቁበት ሰዓት ይህ ሽማግሌ እህሉን ጭኖ ወጣ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ዳዊት ውለታውን ሊመልስ ፈልጎ፥ ቤርዜሊ አብሮት ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሄድና በቤተ መንግሥት እንዲጦር ለመነው። ከዚህ የሚበልጥ የሽምግልና ክብር ማን ያገኛል? ቤርዜሊ ግን ዕድሜው 80 ዓመት እንደ ሆነ፥ የሚበላውንና የሚጠጣውን ጣዕም እንደማይለይ፥ የወንድና የሴት አቀንቃኞችን ድምፅ እንደማይሰማ፥ ለጌታው ለንጉሡም ሸክም እንደሚሆንበት ነገረው። በመንደር ሽማግሌ ፊት እንኳ «ጆሮዬ አይሰማም» ማለት የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ሰው ግን በንጉሥና በሠራዊቱ ፊት የምላሱንና የጆሮውን ድካም እንደ ተራ ነገር ተናገረ። ከዚያም በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ በከተማው ይሞት ዘንድ እንዲያሰናብተው ለምኖ፥ ከመዓም የተባለውን ወጣት በእርሱ ፈንታ እንዲወስደው አቀረበለት። ንጉሡም ሳመውና መረቀው፤ ቤርዜሊም ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከመዓም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ።

ቤርዜሊን እንዲህ ያናገረው ምን ነበር? ሰው ሕይወቱን ወይ እንደ ርስት ወይ እንደ አደራ ይይዛል። እንደ ርስት ለያዘው ጉልበቱም የእርሱ፥ ዕውቀቱም የእርሱ፥ ልጆቹም የእርሱ ናቸው፤ ስለዚህ እርጅናን ርስቱን ሊነጥቅ እንደ መጣ ወራሪ ያየዋል፤ ስለ እያንዳንዱም ድንበር ይሟገታል። የሣጥኑን ቁልፍ በመቀነቱ ጫፍ ቋጥሮ ለምራቱ አልሰጥም የሚል፥ ልጁ ያወጣውን ትልም ሁሉ ጠማማ ነው እያለ የሚያማርር፥ «በእኔ ጊዜ» ሳይል ነገር የማይጀምር ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ግን ባለቤቱ በመጣ ጊዜ መመለስ እንዳለበት ከመጀመሪያው ያውቃል። ጉልበቱ ሲቀነስ «ተነጠቅሁ» አይልም፤ «ባለቤቱ ተረከበኝ» ይላል እንጂ። የክርስቲያን እምነት በእርጅና የሚሰጠው ብርታት ከዚህ ይነሣል፤ ክርስቲያን በዋጋ የተገዛ ነውና ከሕፃንነቱ ጀምሮ የራሱ አልነበረም። ይህ ማለት አደራን መመለስ አያምም ማለት አይደለም። ሃያ ዓመት ያሳደገውን የአደራ ልጅ ለወላጁ የመለሰ ሰው ያለቅሳል፤ አልቅሶ ግን ሌሊት ይተኛል።

ለጴጥሮስም ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ስለዚህ ነገር ነገረው። ጐልማሳ ሳለ ራሱ ወገቡን ታጥቆ ወደ ወደደው ይሄድ እንደ ነበረ፥ በሸመገለ ጊዜ ግን እጁን እንደሚዘረጋ፥ ሌላ ሰውም እንደሚያስታጥቀውና ወደማይወደው ስፍራ እንደሚወስደው አስታወቀው። ወንጌላዊው ይህ የተነገረው ስለ ጴጥሮስ አሟሟት መሆኑን ጽፎአል። ቢሆንም በማለዳ ልጁ መቀነቱን የምታስታጥቀው ሽማግሌ ይህን ቃል ሲሰማ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ጌታም ይህን ነግሮ ዝም አላለም፤ ወዲያው ጴጥሮስን እንዲከተለው አዘዘው። ስለዚህ ሰው በሌላ እጅ እየተመራም ጌታን መከተል ይችላል። ሰው ወደ ወደደው መሄድ ባቆመ ጊዜ መከተሉ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ፥ ትእዛዙ ከዚያ ነገር በፊት በተሰጠ ነበር።

ለብዙ ሰው መስጠት ከመቀበል ይቀልላል። ዕድሜዋን ሙሉ ለእንግዳ እግር ውኃ ስታቀርብ የኖረች ሴት፥ ምራትዋ እግርዋን ልታጥብ በተንበረከከች ጊዜ ታፍራለች፤ አንዳንዴም ትቈጣለች። ቍጣውም ከኀፍረቱ ይመጣል። እንዲህ ያለችው እናት ታጥባ፥ አመስግና፥ ምራትዋን በስምዋ ጠርታ ብትመርቅ ሥራ ፈታለች ሊባል አይገባም። ዳግመኛም የሽማግሌ እንቅልፍ አጭር ነውና ሌሎች ሁሉ ተኝተው ሳሉ ዶሮ ከመጮሁ በፊት ያለው ሰዓት የእርሱ ነው። አንዳንዱ በዚያ ሰዓት የበደሉትን ሰዎች ይቈጥራል። አንዳንዱ ደግሞ የሞቱትን ያስባል፤ በሕይወት ያሉትን ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን፥ የጎረቤቱንም ታማሚ፥ በየስማቸው እየጠራ በእግዚአብሔር ፊት ያቀርባል። በቤተ መቅደስ ሌሊትና ቀን ታገለግል የነበረችው ሐና 84 ዓመት ሆኖአት ነበር፤ በዚያ የቤተ መቅደስ ሕዝብ ሁሉ መካከል ሕፃኑን ማን እንደ ሆነ ያወቁት እርስዋና አረጋዊው ስምዖን ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። መታገሥ ማለት ሊድን የሚችለውን ሕመም ተሸክሞ መቀመጥ አይደለም። በሞራ የተጋረደ ዓይን በሐኪም እጅ ሞራው ሲወጣለት ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ይመለሳል፤ «የእርጅና ነገር ነው፥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እያሉ አባታቸውን በጨለማ የሚያስቀምጡ ልጆች በእግዚአብሔር ስም የራሳቸውን ስንፍና ይሸፍናሉ። ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስም በመጨረሻው መልእክቱ፥ ሌሎች ሲሄዱ ከእርሱ ጋር የቀረው ሉቃስ ብቻ መሆኑን ጽፎአል።

ይኸው የጳውሎስ መልእክት፥ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ሁለተኛው፥ የሽማግሌ ደብዳቤ ነው። ሩጫውን መጨረሱንና አክሊል እንደሚጠብቀው ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይለምናል። መጻሕፍቱንም፥ ይልቁንም ብራናዎቹን፥ ይፈልጋል፤ ጢሞቴዎስም ከክረምት በፊት እንዲመጣ ያሳስበዋል። አክሊልን የሚጠብቅ ሰው ስለ በርኖስ መጻፉ የሚያስደንቃቸው ሰዎች አሉ። ሊያስደንቃቸው አይገባም ነበር። ወኅኒ ቤት ይበርዳል፤ የሽማግሌ አጥንትም ብርድ አይችልም። ጳውሎስ ይህን ለልጁ ለጢሞቴዎስ ለመንገር አላፈረም። ይልቁንስ የሚያስደንቀው ብራናው ነው፤ ሞቱን በደጅ የሚያይ ሰው ገና የሚያነበው ነበረው።

ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ደግሞ ራሱን ሽማግሌና እስረኛ ብሎ ይጠራል። ስለ አናሲሞስ ይለምናል፤ አናሲሞስም ከጌታው ከፊልሞና ኰብልሎ ወደ ጳውሎስ የደረሰና በእስራቱ ሳለ በእርሱ እጅ ያመነ ባሪያ ነበር። ጳውሎስ ይህ ሰው በእስራቱ እንዲያገለግለው አጠገቡ ሊያስቀረው ይወድ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። ሽማግሌና እስረኛ የሆነ ሰው የሚያገለግለው እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው። እርሱ ግን ፊልሞና እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለምኖ መልሶ ሰደደው። ቤርዜሊ ከመዓምን ሰደደ፤ ጳውሎስም አናሲሞስን።

ይህ የአናሲሞስ ስም፥ በሌላ አጠራር ኦነሲሞስ፥ ከ1,800 ዓመት በኋላ በቀይ ባሕር ዳር ለአንድ ኦሮሞ ልጅ ተሰጠ። ስለዚያ ልጅ ከመነገሩ በፊት ግን በጀርመን አገር በአንድ መንደር የሸመገሉ ሁለት ሰዎች ታሪክ ይቀድማል፤ ነገሩ የተያያዘ ነውና። ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1810 በቩርተምበርግ ተወለደ። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በትግራይ ተቀመጠ፤ በ1838 ከዚያ ተባረረ፤ በ1839 ወደ ሸዋ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ሊመለስ ሲል መንገዱ ተዘጋበት። በጕዞ ላይ የተወለደችና ወዲያው የሞተች ልጁን በአማርኛ «እንባ» ብሎ ስም አወጣላት። በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱና አዲስ የተወለደች ሌላ ልጁ ሞቱበት። ቢሆንም ከሞምባሳ ጀምሮ አፍሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያቋርጥ የወንጌል ማደሪያዎች መስመር እንዲዘረጋ አሳብ ነበረው። እግሩ የማያርፍ፥ አሳቡም ከእግሩ የሚቀድም ሰው ነበረ።

በ1846 ዮሐንስ ሬብማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ወደ እርሱ መጣ። ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን ተራራ አየ፤ በራሱም ላይ በረዶ እንዳለ ቢጽፍ በአውሮጳ ያሉ አንዳንድ የምድር ሊቃውንት ተሳለቁበት። ከዚያ በኋላ ግን በሞምባሳ አጠገብ በራባይ ተቀመጠ፤ ክራፍ ሲሄድ አልሄደም፤ በ1866 ሚስቱ ስትሞትም አልሄደም። የአገሩን ቋንቋዎች እየሰማ ቃል በቃል መዝገበ ቃላት ይጽፍ ነበር፤ ያመኑት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። በመጨረሻም ዓይኑ ጠፋ። በ1875፥ ከ29 ዓመት በኋላ፥ በአንድ አፍሪካዊ ወዳጁ እጅ እየተመራ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሌሎችን ሊመራ የሄደ ሰው እርሱ ሊመራቸው ከሄደው ሰዎች በአንዱ እየተመራ ባሕር ተሻገረ።

ሬብማን የተመለሰው ክራፍ ወደሚኖርበት ወደ ኮርንታል ነው፤ ኮርንታል በሽቱትጋርት አጠገብ ያለች በ1819 የተመሠረተች የምእመናን መንደር ናት። አንዱን ሰው ማንም ሊያስቀምጠው አልቻለም ነበር፤ ሌላውን ማንም ሊያስነሣው አልቻለም ነበር፤ እርጅናና ደዌ ሁለቱን በአንድ መንደር ሰበሰባቸው። ሬብማን በ1876 በ56 ዓመቱ ሞተ። በዓመት ሲቈጠር ሽማግሌ አልነበረም፤ የቆላው አገር ግን አስቀድሞ አስረጅቶት ነበር። ካዘጋጃቸው መዝገበ ቃላት አንዱ በ1877 ታተመ፤ ለኅትመት ያሰናዳውም ክራፍ ነበር። ሽማግሌ ለሞተ ወዳጁ ከሚያደርገው ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ወዳጁ በዓይኑ መጥፋት የተወውን ወረቀት በራሱ ዓይን ማንበብ።

ክራፍ ራሱ በ1855 በጤና ማጣት ከአፍሪካ ተመልሶ ነበር፤ ያን ጊዜ 45 ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ እንደገና ቢነሣም ታምሞ ተመለሰ። ያ የአፍሪካ መስመር አሳቡም በዘመኑ አልተፈጸመም። የቀረው ጠረጴዛና ብዕር ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር አረመ፤ ደብተራ ዘነብ የተባለው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ወደ ኦሮምኛ የመለሰውንም ለኅትመት አዘጋጀ፤ የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን በ1870ዎቹ በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። እውነቱ ሲነገር ይህ ትርጕም ጕድለት ነበረበት። ቋንቋውን ከሚናገረው ሕዝብ እጅግ ርቆ ተሰናድቶአልና፤ ኋላም ሌላ ተተካበት። ብዙ ሽማግሌ በዚህ ያዝናል፤ በመጨረሻ ጉልበቱ የሠራው ሥራ ሳይውል ሳያድር በሌላ ሲተካ «ባልሠራሁት ይሻል ነበር» ይላል። ነገር ግን የሚተካው ሰው ከባዶ አልጀመረም፤ ቃሉ በኦሮምኛ ሊጻፍ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያሳይ መጽሐፍ ነበረ።

ክራፍ በ1881 ኅዳር ወር በ71 ዓመቱ ሞተ። በማለዳ ሲያዩት በአልጋው አጠገብ ለጸሎት እንደ ተንበረከከ አረፈ። በዚያው ዓመት ኦነሲሞስ ነሲብ በስዊድን ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

ኦነሲሞስ በኢሉባቦር በ1856 ገደማ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበር፤ ትርጓሜውም «ተርጓሚ» ማለት ነው ይባላል። በልጅነቱ ተነጥቆ በባርነት ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ በ1872 ሲጠመቅ የዚያን የፊልሞናን ባሪያ ስም ያዘ። ብዙ ጊዜ ወደ ኦሮሞ አገር ሊገባ ሞክሮ መንገዱ እየተዘጋበት ተመለሰ። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ መጻሕፍትን ይተረጕም ጀመር። ከእርሱም ጋር አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እርስዋም በ1886 ከባርያ መርከብ የዳነች ልጅ ነበረች። ኦነሲሞስ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሕዝቡ ስለ ራቀ ቋንቋው በአንዳንድ ነገር ያጥረው ነበር፤ አስቴር ግን ተረቱንና እንቆቅልሹን፥ ዘፈኑንና ምሳሌውን፥ አምስት መቶ ያህል፥ ጽፋ ሰበሰበች። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የክራፍ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው ስፍራ።

በ1904 ኦነሲሞስ መጽሐፉን ይዞ ወደ ወለጋ ገባ። 48 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በነቀምት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመልካም ተቀበሉት፤ እርሱም በሕዝቡ ቋንቋ ያስተምር ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ ተከሰሰ፤ ዐፄ ምኒልክ በነቀምት እንዲኖር ፈቀዱለት፤ እንዳያስተምር ግን ተከለከለ። በባርነት፥ በባሕር፥ በበረሃ፥ በትርጕም ሥራ ያለፈው ሰው አሁን መጽሐፉ በእጁ፥ ሕዝቡም በደጁ ሆኖ ሳለ አፉን እንዲዘጋ ታዘዘ። ይህም ነገር ከ50 ዓመቱ እስከ 60 ዓመቱ ቈየ። ሰው እርጅናው ሲጀምር ጊዜ እንደሚያመልጠው ይሰማዋልና እያንዳንዱ ዓመት ከወጣትነት ዓመት ይልቅ ይከብዳል። ኦነሲሞስ ከስፍራው አልሸሸም፤ የታተመው መጽሐፍም አፍ እንዲዘጋ አልታዘዘም ነበርና በሰው እጅ ይነበብ ነበር። በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ክልከላው ተነሣለት። ሽማግሌው እንደገና ማስተማር ጀመረ፤ ሰዎችም አባ ገመቺስ ይሉት ነበር። በ1931 ሰኔ ወር እስኪሞት ድረስ አስተማረ።

አስቴር ጋኖ ከእርሱ በኋላ 33 ዓመት ቈየች። በእምኩሉ ሳለች ከኦነሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ በ1894 የታተመ ነበር። እርስዋም በተራዋ ሸምግላ በ1964 በወለጋ ሞተች።